የአነስተኛ ሲ.ኤን.ሲ ማሽን ገበያ፦ ዋጋው በብረቱ ነው ወይስ በአዛዡ?

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሐርላ ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረው በአፈ ታሪኩ ነው። የፈረሱት ግንቦች ድንጋዮች እጅግ ትልልቅ በመሆናቸው ጥንታዊውን ከተማ የገነቡት ከተራ ሰው የገዘፉ ፍጡራን ናቸው ሲባል ኖሯል። የኤክሴተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት የአርኪዮሎጂ ቡድን ባካሄደው ቁፋሮና በ2009 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ውጤት ግን የተገኘው የግዙፋን አጥንት ሳይሆን የባለሙያዎች ሥራ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የ13ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ ከቻይና፣ ከየመንና ከማልዲቭስ የመጡ ዕቃዎች የተገኙ ሲሆን፣ ከዚህም ጋር የብር ማዕድን፣ ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይና የመስታወት ዶቃ ጌጣጌጥ ይሠራ እንደነበር የሚያሳዩ ማስረጃዎች ወጥተዋል። የአሠራሩ ዘዴ በህንድ ከሚታወቀው ጋር እንደሚመሳሰልም ተገልጿል።

ለገበያ ዓምድ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር የመጨረሻው ነው። የሐርላ ሰዎች ከሩቅ የመጣውን ዕቃ ተቀብለው ወደሚቀጥለው ገበያ በማሳለፍ ብቻ አልተወሰኑም፤ ሙያውንም ይዘው ዕቃውን እዚያው ሠርተውታል። በንግድ መንገድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሙያም ይጓዛል ማለት ነው።

ዛሬም በዚያው አቅጣጫ፣ ከጅቡቲ ወደብ በድሬዳዋ በኩል ወደ መሀል አገር የሚገባው ዕቃ ብዙ ነው። ከዚህ መካከል የእንጨት ሥራ ቤቶችን፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠሪዎችን፣ የጌጣጌጥ ባለሙያዎችንና ሥራ ፈጣሪ ወጣቶችን ቀልብ የሳበው አንዱ ሲ.ኤን.ሲ የሚባለው አነስተኛ ማሽን ነው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የብረቱን ውፍረት፣ የገበታውን ስፋትና የሞተሩን ትልቅነት ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ገንዘቡን ይመልስ ወይም ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣ የሚወስነው በዓይን የማይሞላው ክፍል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ፣ መቆጣጠሪያው ካርድና የኤሌክትሪኩ አቀማመጥ ነው። እንደ ሐርላው አፈ ታሪክ ሁሉ እዚህም ግዝፈት ያታልላል።

ለመሆኑ ሲ.ኤን.ሲ ምንድን ነው?

ሲ.ኤን.ሲ በአጭሩ ከኮምፒውተር በሚመጣ የቁጥር ትእዛዝ የሚሠራ የመቁረጫ፣ የመቦርቦሪያ ወይም የመቅረጫ ማሽን ነው። የቶርኖ ወይም የፍሬዛ ባለሙያ እጀታውን እያዞረ፣ በዓይኑ እየለካ የሚያከናውነውን እንቅስቃሴ ሲ.ኤን.ሲ በሞተር እየተገፋ በተጻፈለት ቁጥር መሠረት ያከናውነዋል። ሐሳቡ የአሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዕይታ ቀርቧል። በዚያን ጊዜ ትእዛዙ የሚነበበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ሲሆን፣ የሥራው ወጪም የተሸፈነው በአሜሪካ አየር ኃይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ሲ.ኤን.ሲ የትልልቅ ፋብሪካዎች ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ለግለሰብ የቀረበው ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። ለምሳሌ በገበያ 3018 እየተባለ የሚጠራው ማሽን ስሙን ያገኘው የሥራ ገበታው 30 በ18 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን እንጨት፣ ኮምፔንሳቶና ፕላስቲክ ይቆርጣል፤ በነሐስ ላይ ጽሑፍ ይቀርጻል፤ ለጌጣጌጥ ሠሪም ከሰም ሞዴል ያወጣል፤ በሰሙም ቅርጽ መሠረት ብር ወይም ወርቅ ይፈስሳል። ወፍራም ብረት እቆርጥበታለሁ ብሎ የሚገዛው ግን ገንዘቡን ያባክናል።

ትእዛዙ በምን በኩል ያልፋል?

ገዢው ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ከኮምፒውተሩ እስከ ሞተሩ ያለውን ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ አምስት ቀለበቶች አሉት።

አንደኛ፣ ሥዕሉ በንድፍ ፕሮግራም ይሠራል። ሁለተኛ፣ ሌላ ፕሮግራም ያንን ሥዕል ጂ ኮድ ወደሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ለምሳሌ «ጂ1 ኤክስ50 ዋይ20 ኤፍ600» የሚል መስመር፣ በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር ፍጥነት በቀጥታ መስመር እየቆረጥክ ወደ 50 እና 20 ነጥብ ሂድ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ መቆጣጠሪያው ይህን መስመር አንብቦ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጠዋል። አራተኛ፣ ድራይቨር የሚባለው ክፍል ደካማውን ምት ተቀብሎ ሞተሩን ለማዞር የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። አምስተኛ፣ ስቴፐር ሞተሩ አንድ ምት በደረሰው ቁጥር አንድ እርምጃ ይዞራል።

የተለመደው ስቴፐር ሞተር በአንድ እርምጃ 1.8 ዲግሪ የሚዞር በመሆኑ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይፈልጋል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 እንዲከፍል ከተደረገ አንድ ዙር 1,600 ምት ይሆናል። ሞተሩ የሚያዞረው የብሎን ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ 1,600 ለ5 ተካፍሎ ለ1 ሚሊ ሜትር 320 ምት ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ በትክክል ካልገባ ማሽኑ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ልኩ የተሳሳተ ይሆናል። በ320 ፋንታ 400 የተጻፈ እንደሆነ 100 ሚሊ ሜትር የታዘዘው ማሽን 125 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ብዙ ጊዜ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ከሚባሉት ብልሽቶች አንዱ ይህ ሲሆን፣ መድኃኒቱ አዲስ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ማካፈል ነው።

ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ነው

ብዙ ሰው ለሲ.ኤን.ሲ ፈጣንና ውድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የሚያስፈልገው ሰዓት አክባሪ ኮምፒውተር ነው።

ከላይ በተጠቀሰው ስሌት መሠረት ማሽኑ በደቂቃ 3 ሜትር እንዲሄድ ቢታዘዝ በሰከንድ 50 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 16,000 ምት ያስፈልገዋል። በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለው ጊዜ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ 62.5 እጅ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ መካከል ፀረ ቫይረስ ላሂድ፣ ፋይል ልፈልግ ብሎ ለአፍታ ቢዘናጋ ምቱ ይዛነፋል። ስቴፐር ሞተር በድንገት የተለወጠን ፍጥነት መከተል ስለማይችል ይንተባተባል፤ እርምጃም ይስታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ተራው ስቴፐር ሞተር «ስቻለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ የማይነግር መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉም ደህና መስሎት ይቀጥላል፤ ባለቤቱም ስህተቱን የሚያውቀው ሳንቃው ከተበላሸ በኋላ ነው።

የመቆጣጠሪያ ዓይነቶች ሁሉ የሚለያዩት ለዚህ የሰዓት ችግር በሰጡት መልስ ነው። በአነስተኛው ገበያ ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው የድሮው ዴስክቶፕ መንገድ ነው። በቀድሞ ኮምፒውተሮች ጀርባ ላይ ለማተሚያ ማሽን የሚያገለግል፣ 25 ቀዳዳ ያለው ፓራለል ፖርት የሚባል መሰኪያ ነበረ። በዚህ መሰኪያ የተወሰኑ እግሮች በቀጥታ ምት መላክ ስለሚችሉ ኮምፒውተሩ ራሱ መቆጣጠሪያ ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ማች 3 የሚባለው ፕሮግራም በዚህ ዘዴ ታዋቂ የነበረ ሲሆን፣ ፈቃዱ ለዓመታት በ175 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፓራለል ፖርቱን የሚጠቀመው ግን በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲ በነፃ ይገኛል። መነሻው የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራው ፕሮግራም ሲሆን፣ በኋላ በፈቃደኞች እየዳበረ መጥቷል።

በዚህ መንገድ ያገለገለ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲ ጋር አብሮ የሚመጣውን የመዘግየት መለኪያ ከመክፈሉ በፊት ማስኬድ ይችላል። መለኪያው እየሠራ ሳለ መስኮቶችን መክፈትና መዝጋት፣ ፋይል መገልበጥና ኮምፒውተሩን ማስጨነቅ ይገባል። ትልቁ መዛነፍ ከ20 የሰከንድ ሚሊዮንኛ በታች ከሆነ ኮምፒውተሩ በጣም ጥሩ ነው። ከ30 እስከ 50 ከሆነ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። ከ100 በላይ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውዱ ኮምፒውተር በዚህ ፈተና ወድቆ ርካሹ ሊያልፍ ይችላል። ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ሥራውን እያቋረጠ ስለሚሄድ በፓራለል ፖርት መንገድ አይመከርም። ከዩ.ኤስ.ቢ ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድም ለማተሚያ እንጂ ለዚህ ሥራ አያገለግልም።

ሁለተኛው የትንሿ ካርድ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖርዌያዊው ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ ግርብል የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ ለቀቀ። ፕሮግራሙ የሚጫነው አርዱይኖ በምትባለው፣ መዳፍ ላይ በምታርፍ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ ነው። ምቱን የምታወጣው ካርዷ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስመሮችን በዩ.ኤስ.ቢ በኩል እየላከ የሚያቀብል ተላላኪ ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ቢዘናጋ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃል። ካርዷ በሰከንድ እስከ 30,000 ምት ማውጣት ስለምትችል ከላይ ለተሰላው 16,000 አቅም አላት። ገደቧ ደግሞ በመሠረቱ ሦስት አቅጣጫ ብቻ የምታንቀሳቅስ መሆኗ ነው። የአርዱይኖ ንድፍ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ተመሳሳዩን የሚሠሩ አምራቾች ብዙ ናቸው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ሲ.ኤች 340 የሚባል ቺፕ ያለባቸው ካርዶች በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ለመታወቅ የራሳቸው ማስነሻ ፕሮግራም እንዲጫንላቸው ስለሚፈልጉ፣ «ኮምፒውተሩ አላወቀውም» ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ምቱን የሚያወጣ የተለየ ካርድ በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነው። ፈጣንና አስተማማኝ ሲሆን ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰፊ ራውተር ተገቢ ነው፤ ለጀማሪ ግን ወጪው ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

ጥቅል ወይስ ተነጣጣይ?

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት መቆጣጠሪያው፣ ድራይቨሮቹና የኃይል ማከፋፈያው በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠሩበትን ጥቅል ነው። ጥቅሉ ለመገጣጠም ቀላል ነው፤ ዋጋውም የሚስብ ነው። ችግሩ አንዱ ክፍል ሲቃጠል ሁሉም አብሮ የሚጣል መሆኑ ነው። ተነጣጣይ አሠራር የተመረጠ እንደሆነ ግን መቆጣጠሪያው ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ አንድ ድራይቨር፣ ኃይል ሰጪውም ለብቻ ይሆናል። የኤክስ ድራይቨር ተቃጥሎ እንደሆነ እሱ ብቻ ይለወጣል፤ ገመዱን ከዋይ ድራይቨር ጋር በማቀያየርም ጥፋቱ የት እንዳለ ያለ ውድ መሣሪያ መለየት ይቻላል።

የመለዋወጫ ጉዳይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀድሞ 5,700 ብር ገደማ ይጠይቅ የነበረ የ100 ዶላር ካርድ፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ፣ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ሲበላሽ ከየት ይገኛል?» የሚለው እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

አንድ የታሰበ ምሳሌ ወስደን እንመልከት። የአንድ ሥራ ቤት ማሽን በቀን 1,500 ብር የተጣራ ገቢ ያስገባል እንበል። መቆጣጠሪያው ተቃጥሎ ሌላ እስኪመጣ 25 የሥራ ቀን ቢፈጅ ባለቤቱ 37,500 ብር ያጣል። መጠባበቂያ ካርድ 3,000 ብር ቢሆን፣ በመደርደሪያ ላይ ማስቀመጡ የሚያዋጣው ካርዱ በዓመቱ ውስጥ የመቃጠል ዕድሉ ከ100 ከ8 በላይ ሲሆን ነው። በቁጥሮቹ ፋንታ እያንዳንዱ የራሱን ቢያስገባ መልሱን ያገኘዋል። ከገንዘቡ ሌላ ቀብድ ተቀብሎ በቀኑ ያላስረከበ ባለሙያ የሚያጣው ስም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ኤሌክትሪኩና አደጋው

ከሥራ ቤት ባለቤቶች ኪስ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው የመብራት መቆራረጥና የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ብዙዎች መልሱ ዩ.ፒ.ኤስ ነው ብለው ለኮምፒውተሩ ይገዛሉ። ኮምፒውተሩ ቢተርፍም የሞተሮቹ ኃይል ከተቋረጠ ሥራው ቆሟል፤ ማሽኑም ያለበትን ቦታ አያውቅም። መብራት ሲመለስ በግምት ለመቀጠል የሚሞክር ሰው አዲሱን መስመር ከአሮጌው ጎን ይቆርጣል።

ርካሹ መፍትሔ የመነሻ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ጫፍ አንዲት ትንሽ ስዊች ትደረጋለች። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሄዶ ስዊቿን ይነካና ዜሮውን ያገኛል። የተቋረጠው መስመር ቁጥርና የሥራው መነሻ ከተመዘገቡ ሥራውን ካቆመበት አካባቢ መቀጠል ይቻላል። ሦስት ትናንሽ ስዊቾች ከአንድ ትልቅ ዩ.ፒ.ኤስ በላይ ዕቃ ያድናሉ። ስዊቾቹ ሳይነኩ ዝግ፣ ሲነኩ ክፍት በሚሆኑበት መንገድ ቢገጠሙ ይመረጣል፤ ገመዱ ቢበጠስ ማሽኑ ወዲያውኑ ያውቃልና።

የኃይል ሰጪ መጠንም በግምት መገዛት የለበትም። እያንዳንዳቸው 3 አምፔር የሚፈልጉ ሦስት ሞተሮች ቢኖሩ ድምሩ 9 አምፔር ይሆናል። ድራይቨሮች ኃይሉን እየቆራረጡ ስለሚሰጡ በልማድ የሚወሰደው የድምሩ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6 አምፔር ነው። በ36 ቮልት ሲባዛ 216 ዋት ይመጣል፤ ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለውን መግዛት በቂ ነው። በድራይቨሩ ላይ የሚሞላው የአምፔር ልክ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው እንዳይበልጥ መጠንቀቅም ይገባል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ድራይቨሮቹ ማቀዝቀዣ ብረትና የአየር ማራገቢያ ያሻቸዋል። የእንጨት ብናኝ ወደ ኮምፒውተሩና ወደ ድራይቨሮቹ እንዳይገባም ሳጥናቸው ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል።

መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር በአቅራቢያው ባሉ ቀጫጭን ገመዶች ላይ የኤሌክትሪክ ሁከት ይፈጥራል። ማሽኑ ያለ ምክንያት ሲቆም ወይም ዩ.ኤስ.ቢው ሲቋረጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። የስዊች ገመዶችን ከኃይል ገመዶች ማራቅ፣ መከለያ ያለው ገመድ መጠቀምና መከለያውን በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት፣ የዩ.ኤስ.ቢ ገመዱንም ማሳጠር ችግሩን ያቃልላል። የሕንፃው መሬት ሽቦ በትክክል መቀበሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስመርመር ደግሞ ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው ሕይወት ነው።

በደኅንነት ረገድ ሁለት ነገሮች አይዘለሉም። አንደኛ፣ ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ለፕሮግራሙ መልእክት የሚልክ ሳይሆን የሞተሮቹንና የመቁረጫውን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ የተሰቀለ እንደሆነ መልእክቱን የሚቀበል የለም። ሁለተኛ፣ በፓራለል ፖርት ለሚሠሩ ማሽኖች፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የመሰኪያው እግሮች በዘፈቀደ ስለሚበሩ መቁረጫው ሳይታዘዝ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ድረስ የመቁረጫው ኃይል መጥፋት ይኖርበታል። ከዚህ ሌላ ኃይል ሳይጠፋ የሞተርን ገመድ ከድራይቨሩ መንቀል ድራይቨሩን ያቃጥለዋል፤ ብዙ ገንዘብ በዚህች አንዲት እንቅስቃሴ ጠፍቷል።

ከመክፈል በፊት

ማሽን ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ሻጩን አምስት ነገሮች ቢጠይቅ ይጠቀማል። መቆጣጠሪያው የሚሠራበት ፕሮግራም ስም ማን ነው፣ ፈቃዱስ ከማሽኑ ጋር ይመጣል ወይ? ለ1 ሚሊ ሜትር የሚያስፈልገው የምት ቁጥርና ሌሎቹ ልኮች በጽሑፍ ይሰጣሉ ወይ? ድራይቨሩ ለብቻው ይለወጣል ወይ? የመነሻ ስዊቾችና የአደጋ ማቆሚያ ተገጥመዋል ወይ? በመጨረሻም፣ ማሽኑ በገዢው ፊት አንድ ካሬ ቆርጦ፣ ወደ መነሻው ተመልሶ፣ ያንኑ ካሬ በዚያው መስመር ላይ ሊደግመው ይችላል ወይ? የመጨረሻው ፈተና ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ላይ ካላረፈ ከምቱ፣ ከዘንጉ ወይም ከመገጣጠሙ አንዱ ችግር አለበት።

ማሽኑ ከተገዛ በኋላም ኮምፒውተሩን ለዚህ ሥራ ብቻ መለየት ይገባል። በሥራ መካከል ራሱን የሚያድስ ዊንዶውስ ወይም የሚያንቀላፋ ላፕቶፕ የደንበኛን ሳንቃ ያበላሻል። ራስን የማደስና የማንቀላፋት ልማዱ መዘጋት አለበት። የልኮቹ ዝርዝርም በወረቀት ተጽፎ በማሽኑ ሳጥን ውስጥ ቢለጠፍ ካርዱ በሚለወጥበት ቀን የአንድ ሳምንት ድካም ይቆጥባል።

ድሬዳዋ ለዚህ ዓይነቱ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ለብዙ አሥርት ዓመታት የምትታወቀው በምድር ባቡሩ የጥገና ዎርክሾፕም ጭምር ሲሆን፣ በዚያም የቶርኖና የፍሬዛ ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና በዚችው ከተማ ተመርቋል። ዕቃ የሚገባበት በር አለ፤ የእጅ ሙያውም መሠረት አለው። በሁለቱ መካከል የጎደለው አዛዡን፣ ማለትም ካርዱን፣ ስሌቱንና የገመዱን አቀማመጥ የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ለዚህ ዕውቀት የሚከፈለው ዶላር ጥቂት ነው። ሊኑክስ ሲ.ኤን.ሲም ሆነ ግርብል በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ስሌቱም ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው የሚሠራው ነው። የሙያ ማሠልጠኛዎች ከትልልቅ ማሽኖች ጎን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ድራይቨርና አንድ ሞተር በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቢያስተምሩ፣ ሠልጣኙ የሚወጣው ማሽን ማብራት ብቻ ሳይሆን የቆመ ማሽን ማስነሳትም ችሎ ነው። ይህ ባልተደረገ ጊዜ ግን አገሪቱ ብረቱን አንድ ጊዜ፣ አዛዡን ደግሞ በተበላሸ ቁጥር በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ትኖራለች።